ቃለ ጉባኤ ያዥዋ

በሒሳብ ትምህርት ክፍሉ ሴት መምህር እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ስለዚህ ቃለ ጉባኤ የምይዘው ሁልጊዜ እኔ ነኝ። ማንም አልመረጠኝም። በመጀመሪያው ስብሰባ ደብተሩ ተገፍቶ ፊቴ መጣ፣ በዚያው ቀረ።

አንድ ዓመት ከበላይ መመሪያ ወረደ፦ ሴት መምህራን ለምን አነሱ? ተወያዩና ሪፖርት አቅርቡ። ወንዶቹ በየተራ ተናገሩ። አንዱ የፊውዳሉ ሥርዓት ትራፊ ነው አለ፣ አንዱ ትዳር ይቀድማቸዋል አለ፣ ሌላው ሴት ልጅ ከቁጥር ጋር አትስማማም አለ። እየተናደድኩ የሁሉንም ስምና ቃል ጻፍኩ። በመጨረሻ ግን አላስቻለኝም።

"ከኔ በፊት ሁለት ሴቶች ነበሩ" አልኩ። "የለቀቁት ሒሳብ ከብዷቸው አይደለም። ለውጭ ትምህርት ፈተናውን ሲያልፉ የፓርቲ ኮሚቴው ስማቸውን እየሰረዘ የራሱን ሰዎች ስለላከ ነው።"

ቢሮ የምንጋራው ባልደረባዬ ብቻ "ልክ ነሽ" በሚል ራሱን ነቀነቀ።

ቃሌን ስጽፍ ስሜን ተውኩት። በገዛ እጄ ራሴን ማጉላት አሳፈረኝ፤ እናቴ እንደዚያ አላሳደገችኝም። "አንድ አባል እንዳሉት" ብዬ አለፍኩ። ያ እፍረት ዛሬም ያንገበግበኛል።

ቅዳሜ ጠዋት ቦሌ ቤታችን በር ላይ ላንድሮቨር ቆመ። አውሮፕላን እየተነሳ ስለነበር በሩ እስኪንኳኳ አልሰማንም። እናቴ "ዝም አይነቅዝም ብዬሽ ነበር" አለች። ወደ ቀበሌ ወሰዱኝ። እዚያ የጠበቀኝ ካድሬ የቃለ ጉባኤውን ደብተር ገልጦ ጣቱን መስመሩ ላይ አሳረፈ።

"ይህ አባል ማነው?"

"እኔ ነኝ።"

ሳቀ። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

"ጓድ፣ አንቺ ጸሐፊ ነሽ። ይህ የሴት ንግግር አይደለም። ማንን ነው የምትሸፍኚው?"

ማልኩ፣ ተገዘትኩ፣ ልፈርም አልኩ። "ቢሮ የምትጋሪው ከማን ጋር ነው?" አለኝ። አልመለስኩም። እሱም መልስ አልጠበቀም፤ ከስም ዝርዝሩ ላይ አንዱን በእስክሪብቶ ከበበና እኔን አሰናበተኝ።

ሰኞ ባልደረባዬ አልመጣም። የሁለት ሰዓቱን ክፍለ ጊዜ እኔ ገባሁለት። ተማሪዎቹ የት ሄደ ብለው አልጠየቁም።

ሦስት ጊዜ ተመልሼ እኔ ነኝ አልኩ። ሦስቱንም ጊዜ "ወደ ቤትሽ ግቢ" ተባልኩ።

ከዚያ ሃያ ሁለት ማዞሪያ የባልደረባዬ ሚስት ዘንድ ሄድኩ።

"ምን ተናግሮ ነው?" አለችኝ።

"ምንም። የተናገርኩት እኔ ነኝ።"

እጄን ያዘችኝ። "ተይ እህቴ፣ እኔን ለማጽናናት ብለሽ በራስሽ ላይ አታምጪ" አለች። "ባሌን አውቀዋለሁ፤ እሱ ነው የሚናገረው።"