ልጄን የመታት ብርሃን

ያን ጠዋት ልጄ ዓይኗን መግለጥ አቃታት። አልጋዋ ላይ ተቀምጣ፣ ሁለት እጇን ፊቷ ላይ ጭና፣ "እማ፣ አሸዋ የገባብኝ ይመስለኛል" አለችኝ። እጇን አስለቅቄ ሳይ የዓይኗ ቆብ አብጦ ተጣብቋል። ሳታለቅስ እንባዋ ይወርዳል። በሩን ብከፍተው ብርሃኑ እንደ ጥፊ መታትና ወደ ግድግዳው ዞረች።

እኔ ድሮም ፈሪ ነኝ። የመጀመሪያ ልጄን ወባ ከወሰደብኝ ወዲህ ውሃ ሳላፈላ አላጠጣም፤ በቀትር ልጅ ወንዝ ዳር አላሳልፍም። ሸዋ ሮቢት ቆላ ነው፤ ሙቀቱም ትንኙም አያስተኛም። ያን ጊዜ በነበርንበት ገጠር ደም አይቶ ይህ ወባ ነው፣ ይህ አይደለም የሚል ሰው አልነበረም። ስለዚህ የቀረችኝ አንዷ ልጄ አሥረኛ ክፍል ጨርሳ ኮሌጅ ትገባለች ሲባል የተመኘሁት አንድ ነገር ነው። በዚያ በማጉያው መሣሪያ ላይ ጎንበስ ብላ ደም የምታይ ሰው እንድትሆን። ዓይን ያላት ልጅ ናት። ማሾ ስንለቅም እኔ ያለፍኩትን ጠጠር ከሰፌዱ ማዶ ሆና ታየዋለች።

ከተማችን የተከፈተው ኮሌጅ የጤና ቴክኖሎጂ፣ የብረታ ብረት ሥራ እና ሙዚቃ ያስተምር ነበር። እኔ የፈራሁት ሙዚቃውን ነው። ልጄ ድምፅ አላት፤ ሽንኩርት ስንነቅል ስታንጎራጉር አላፊ አግዳሚው ይቆማል። አዝማሪ ሆና በየመጠጥ ቤቱ ስትዞር ታየኝና አስማልኳት። "ማርያምን፣ ሙዚቃ አልገባም" አለች። መሐላዋንም ጠበቀች። ብረቱን ግን ማን ያስበዋል? ሴት ልጁን "ብረት እንዳትማሪ" ብሎ የሚያስምል ሰው እኔ አላውቅም።

ጤና ገባሁ ስትለኝ ነጭ ጋውን አሰፋሁላት። ጠዋት ለብሳው ትወጣለች፣ ማታ ለብሳው ትመለሳለች። ቅዳሜ ቅዳሜ በበረኪና ሳጥበው አንድ ነጠብጣብ አይገኝበትም። "ልጄ እኮ ጠንቃቃ ናት፣ ደም አታስነካም" እያልኩ ለጎረቤት አወራ ነበር።

ያን ጠዋት ጎረቤቴን ጠራኋቸው። እሳቸው ሙስሊም ናቸው፣ እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ በሠፈራችን ልጅ ሲታመም ግን የሁላችንም ልጅ የሚታየው በእሳቸው ነው። ትልቁም ትንሹም እትዬ ይላቸዋል። ልጄን አይተው ወደ እኔ ዞሩ።

"አንቺ፣ ይቺ ልጅ ትናንት ምን ለብሳ ወጣች?"

"ጋውኗን ነዋ፣ እትዬ።"

"እንዲህ ያለ ነጭ ለብሳ በገበያ መሃል አለፈች። ወላሂ፣ በልተዋታል።"

በእኛ አገር ድሮ ብረት የሚቀጠቅጡ ሰዎች ዓይናቸው ሰው ይበላል ይባላል። ማረሻችንን የሚያሾሉልን፣ ቢላችንን የሚሠሩልን እነሱ ናቸው፤ ልጅ ሲታመም ደግሞ ጣት የሚቀሰረው ወደ እነሱ ነው። ተበላ የተባለ ሰው ተሸፍኖ ግዛዋ ይታጠናል። በጭሱ መሃል "ማነህ? ከየት መጣህ?" ተብሎ ሲጠየቅ የበላው ሰው በታማሚው አፍ ይናገራል፤ ከተናገረ በኋላ ይለቃል። እኔም በልጅነቴ እንዲህ ታጥኛለሁ። ሌላ የማውቀው መድኃኒት አልነበረም።

ፍም በገል አመጣሁ። እትዬ ደረቁን ግዛዋ ጣሉበት። ልጄን በነጠላዬ ሸፈንናት።

"ቢስሚላሂ። ማነህ?" አሉ እትዬ።

ልጄ ሳለች።

"ማነህ ብያለሁ።"

"እትዬ፣ ተዉኝ፣ ዓይኔን አቃጠላችሁት።"

"መጀመሪያ እንዲህ ይለምናል" አሉኝ እትዬ ዝቅ ባለ ድምፅ። ገሉን አስጠጉት። "ሥራህ ምንድን ነው?"

ከነጠላው ሥር ፊቷን ከጭሱ አዞረች። ከዚያ ልጄ "ብረት" አለች።

እዚያው መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

"ቀጥቃጭ ነህ?"

"ብየዳ ነው።"

"ከየት መጣህ?"

"ከኮሌጁ።"

እትዬ ዞር ብለው አዩኝ። በዚህ ሁሉ ዕድሜያቸው ከኮሌጅ የመጣ ቡዳ አላጋጠማቸውም። ቢሆንም ጥያቄውን በወጉ ጨረሱት። "የማን ልጅ ነህ?"

"የእሷ" አለች ልጄ፤ ከነጠላው ሥር እጇን አውጥታ እኔ ወዳለሁበት ዘረጋች። "እማ፣ እኔው ነኝ። ማንም አልበላኝም። ጤና አይደለም የምማረው፣ ብየዳ ነው። ትናንት የፊት መከላከያውን ማስክ ሳላደርግ ብረቱ ሲበየድ አየሁት፣ ብርሃኑ ነው የመታኝ። አሁን ይህን ጭስ አንሱልኝ።"

እትዬ ፍሙ ላይ ውሃ ደፉበት። ከምጠይቃት ሁሉ መጀመሪያ የመጣልኝ ጋውኑ ነው፤ ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬም አይገባኝም።

"ጋውኑስ?"

"በር ላይ አወልቄ ቦርሳዬ ውስጥ አስቀምጠዋለሁ።"

ለካ ንጹሕ ልብስ ነው በየሳምንቱ በበረኪና ሳጥብ የኖርኩት። እትዬ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው መሳቅ ጀመሩ።

"ድሮ ቡዳ ከወንዝ ማዶ ነበር የሚመጣው። አንቺ ከቤትሽ አሳደግሽው፤ ወይ ጉድ። ለነገሩ ቢላዬ ደንዟል፣ ዓይኗ ሲሻላት ትሞርድልኝ።"

እኔ አልሳቅኩም። ልጄ የምትታወርብኝ መስሎኝ ነበር። ያ ብርሃን ምን እንደሆነ አላውቅም፤ ዓይኗን ቢያጠፋውስ? እጇን ዳሰስኩት፤ ክንዷ ላይ የምስር ፍሬ የሚያካክሉ የቃጠሎ ጠባሳዎች አሉ። ስንት ጊዜ ያን እጅ ይዤ ትንኝ ነክሷት ነው ብዬ አልፌዋለሁ።

አባቷ ከሽንኩርት ማሳው ሲመለስ ሁሉንም ነገርኩት። ጫማውን ማውለቅ ሳያቋርጥ "አውቃለሁ" አለኝ።

"ምኑን ታውቃለህ?"

"የውሃ ፓምፑን እግር ማን የበየደው ይመስልሻል?"

"አጣዬ ወስጄ አሠራሁት አላልክም?"

"አጣዬ አልሄድኩም።"

የሰው ቤት የገባሁ መሰለኝ። ቀበሌ ስብሰባ ላይ ሥራ አትናቁ፣ ወጣቶች ተደራጁ፣ ብረትም እንጨትም ሥሩ ሲሉን አብሬ ማጨብጨቤ ትዝ አለኝ። ያጨበጨብኩት ለሌላ ሰው ልጅ ነበር።

ልጄን ጨለማ ክፍል ውስጥ አስተኝተን እርጥብ ጨርቅ ዓይኗ ላይ እየቀያየርን ዋልን። መምህሩ ቶሎ የሚለቅ ሕመም ነው ማለቱን ነግራኛለች፤ እኔ ግን መምህሩን አላውቀው፣ ምኑን ልመነው? በማግስቱ ጠዋት ጨርቁን ሳነሳ ቆቦቿ ቀስ ብለው ተከፈቱ። ቀይ ናቸው፤ ግን ያያሉ። ፊቴን አየችና ዝቅ ብላ ትከሻዬ ላይ ተመለከተች።

"እማ፣ ነጠላሽ ተቃጥሏል።"

ባየው ከፍሙ የተፈናጠረ ብናኝ ጥለቱ አጠገብ የመርፌ ጫፍ የምታህል ቀዳዳ አበጅቷል። እኔ አጥፌ ለብሼው አላየኋትም። ወጣ ብዬ ደጅ አለቀስኩ። ከዚያ ወስኜ ተመለስኩ። ይህን ዓይን ለብረት አልሰጥም፤ ሄጄ አስወጣታለሁ አልኩ።

ዓይኗ ደህና ሲሆን አብረን ሄድን። ኮሌጁ ቅጥር ስንገባ መጀመሪያ የሰማሁት የማሲንቆ ድምፅ ነው። ተማሪዎቹ አንዱን ዜማ እየሳቱ ይደጋግሙታል። ልጄን እንዳትገባ ያስማልኳት ክፍል ያች ናት፤ ያን ቀን ሳልፍባት ግን ከብረቱስ ይሄ ይሻል ነበር አልኩ በልቤ።

የብየዳ መምህሩ የደብረ ሲና ሰው ነው። የቆላውን ሙቀት አልለመደም፤ ላቡን በክንዱ እየጠረገ ወንበር አመጣልኝ።

"እናት፣ ይቀመጡ። ያጠፋነው እኛ ነን። ማስኩ ለሁሉም ስለማይዳረስ በተራ ነው የሚይዙት። ያልያዘ ሰው ዞር ይላል። እሷ አልዞረችም።"

"ለምን አልዞርሽም?" አልኳት።

ልጄ እግሯን አየች። "በማስኩ ጥቁር መስታወት ውስጥ ብረቱ ሲቀልጥ እንደ ማር ሲሄድ ነው የሚታየው። በዓይኔ ምን እንደሚመስል ማየት ፈልጌ ነው።"

"ዓይንሽ ቢጠፋስ?"

"አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያየሁት፣ እማ።"

እንዲህ ነው የመለሰችልኝ። አንድ ጊዜ ብቻ። እኔ ቀትር ላይ ወንዝ ዳር ያላሳለፍኳት ልጅ።

"ልወስዳት ነው የመጣሁት" አልኩት መምህሩን።

"ልጅዎ ናት፣ ይችላሉ። ሥራዋን ግን አይተው ቢወስኑ መልካም ነው።" ይህን ብሎ ራሱ አፈረና ጭንቅላቱን አከከ። "ማየትስ አይችሉም። ሌላ ማስክ የለኝም። ብርሃኑ ሲበራ ጀርባዎን ይስጡ።"

ይህን ስሰማ ደነገጥኩ። ልጄን ልጠብቅ መጥቼ ልጄን እንዳላይ ነው የተነገረኝ። ባያት እኔም እታወራለሁ፤ ካላየኋት ማስኩን ማድረጓን በምን አውቃለሁ? ወንበሬን ግን አዞርኩ። እሷ ከኋላዬ፣ ፊቷን ወደ ብረቱ ጠረጴዛ አድርጋ ቆመች። እኔ ጀርባዬን ለእሷ ሰጥቼ ኖራ የተቀባ ግድግዳ እያየሁ ተቀመጥኩ። "ለኩሺ" አለ መምህሩ።

ጨርቅ ሲቀደድ የመሰለ ድምፅ መጣ፤ ግድግዳው በሰማያዊ ብርሃን ተጥለቀለቀ። ደንግጬ ዞር ልል ስል ጥላዬን ግድግዳው ላይ አየሁት፤ ነጠላ የተከናነበች ሴት። ከእኔ ጥላ በላይ ሌላ ጥላ ቆሟል። ትከሻው የልጄ ትከሻ ነው። ጭንቅላቱ ግን የሰው ጭንቅላት አይደለም፤ እንደ ሳጥን አራት ማዕዘን ነው። አንድ እጅ ማስኩን ይዟል፣ ሌላው እጅ ቀስ ብሎ፣ ምንም ሳይንቀጠቀጥ፣ ወደ ጎን ይሄዳል። ማሾ ስትለቅም እንዲህ ነው እጇ የሚሄደው።

ብርሃኑ ሲጠፋ ዞርኩ። ማስኩን አውርዳ ፊቷን በክንዷ ጠረገች።

"እንሂድ፣ እማ?" አለችኝ። ድምፅዋ ውስጥ ልመና አልነበረም። እሄዳለሁ ካልኩ ትከተለኛለች።

ወንበሬን ወደ ግድግዳው መልሼ አዞርኩት። "ድገሚው" አልኳት። "ያን ነገር ፊትሽ ላይ ሳታደርጊ እንዳትለኩሺ ብቻ።"

ያን ዓመት ምሳዋን ይዤ እየሄድኩ እዚያ ወንበር ላይ ብዙ ተቀምጫለሁ። ተማሪዎቹ "የጥላዋ ዘበኛ" ይሉኝ ነበር። ይበሉ። አዲስ የገቡት ልጆች እናቲቱ ለምን ከግድግዳ ጋር ታወራለች ብለው ይጠይቁ ነበር። እኔ የማወራው ከጥላዋ ጋር ነው። ያ ጭንቅላት አራት ማዕዘን እስከሆነ ድረስ የልጄ ዓይን ደህና ነው።