ጧት ብዬ የጻፍሁት ኪኒን

የመጀመሪያውን ቀን የተማርሁት ቆሜ ነው። በሆስፒታላችን ኢንተርኔት ደህና የሚመጣው መዝገብ ቤቱ መስኮት ሥር ብቻ ስለነበር ላፕቶፔን ከካርድ መደርደሪያው ላይ አስቀምጬ ከፊቱ ተገተርሁ። ጋይንት ከመጣሁ ሁለተኛ ዓመቴ ነበር፤ የሆስፒታሉ የሕፃናት ሐኪም እኔ ብቻ ነበርሁ።

መምህራችን አንጋፋ የሕፃናት ካንሰር ሐኪም ናቸው። ባሕር ማዶ ሆነው ከየአገሩ የተሰባሰብን ሐኪሞችን በየሳምንቱ ረቡዕ ከሰዓት በስክሪን ያስተምሩን ነበር። ያን ቀን ሁላችንንም ተራ በተራ ጠየቁን።

«አንተስ፣ ባለፈው ዓመት ስንት የካንሰር ሕመምተኛ ልጅ አየህ?»

«እኛ ዘንድ ይህ በሽታ እምብዛም የለም» አልሁ፣ ኮራ ብዬ።

«ደም አንሶት መጥቶ፣ ደም ተሰጥቶት፣ ምክንያቱ ሳይታወቅ የሞተብህ ልጅስ?»

የሞቱብኝ ልጆች አንድ በአንድ ፊቴ ላይ ድቅን አሉ። አፈርሁ።

የሆስፒታሉ ሥራ አስኪያጅ ስለ ትምህርቱ ስነግረው «ወባውንና የሳንባ ምቹን ሳንጨርስ ደግሞ ካንሰር ልታመጣብን ነው?» አለኝ። ቢሆንም የረቡዕ ከሰዓት ተረኛነቴን ለሌላ ሐኪም አዛወረልኝ። ወንበርም የላከልኝ እሱ ነው።

ቀዳሚው ትምህርት የደም ጠብታ መስታወት ላይ አቅጥኖ ማድረቅ፣ ቀለም መቀባትና በማይክሮስኮፕ ማየት ነበር። ከዚያ ስልኬን ማይክሮስኮፑ ላይ ደግፌ ፎቶ አነሣና እልክላቸዋለሁ። መጀመሪያ የላክሁትን ፎቶ «ይህ የአውራ ጣትህ ጥላ ነው» ብለው መለሱልኝ። እየቆየ እጄ ተፍታታ።

በዚህ መንገድ በሽታዋን ያወቅንላት የመጀመሪያዋ ልጅ ትብለጥ ናት። ስምንት ዓመቷ ነበር፤ ገርጥታ፣ ቅልጥሟ በልዞ መጣች። ያመጧት አባቷ መሪጌታ ልሳነወርቅ ነበሩ፤ እዚያው ጋይንት፣ ቤተ ልሔም አካባቢ፣ ድጓ የሚባለውን የቤተ ክርስቲያን ዜማ ያስተምራሉ። የደሟን ፎቶ ላክሁ፤ መልሱ ሳይውል ሳያድር መጣ፤ የደም ካንሰር። ትልቅ ከተማ ወዳለ ሆስፒታል ላክናት፤ ከባዱን ሕክምና ለወራት እዚያው ተኝታ ወስዳ፣ ፀጉሯ ረግፎ፣ ግን በእግሯ እየሄደች ተመለሰች።

ቀሪው ሕክምና በኪኒን የሚሰጥ ሲሆን ከዓመት በላይ ይፈጃል። በመምህራችን ተቆጣጣሪነት እኔ እንድከታተላት ተወሰነ። ኪኒኑ ነጩን የደም ሕዋስ ዝቅ አድርጎ መያዝ አለበት። ሽቅብ ከወጣ ወይ መድኃኒቱ አንሷል፣ ወይ በሽታው ተመልሷል። ከረጢቱ ላይ በእጄ «በየቀኑ ጧት አንድ ኪኒን» ብዬ ጻፍሁና ለመሪጌታ ሰጠኋቸው። ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡት።

ወራቱ በሰላም አለፉ። በነሐሴ፣ ፍልሰታ ሊፈታ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ለወር ምርመራዋ ይዘዋት መጡ። ዝናብ መትቷቸዋል። የደሟን ውጤት ሳይ ነጩ ሕዋስ ሽቅብ ዘልሏል።

«መሪጌታ፣ መድኃኒቷን በትክክል ትወስዳለች?»

«ከተጻፈው ውጭ ሰጥተናት አናውቅም» አሉኝ።

ዕለቱ ረቡዕ ስለነበር በቀጥታ ለመምህራችን አቀረብሁ። የደሟን ፎቶ ደጋግመው ተመለከቱ። «የካንሰር ሕዋስ አይታየኝም፤ ግን ይህ ብቻውን አያረጋጋኝም» አሉ። «በትክክል እየወሰደች ከሆነ ከነገ ጀምሮ መጠኑን በግማሽ ጨምርላት። ለመቅኔ ምርመራም ላካት።»

ያልተጻፈበትን የመድኃኒት ማዘዣ ይዤ ስወጣ መሪጌታ ከአግዳሚው ወንበር ብድግ አሉ።

«ተመለሰባት?»

«ገና አልታወቀም።»

ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። ያን ሽማግሌ እንዲያ ሳይ ማዘዣውን ወዲያው መጻፍ አቃተኝ። ነገሩን ለማዘግየት ያህል ወደ ልጅቱ ዞርሁና ለማንኛውም ልጅ የማቀርበውን ጥያቄ ጠየቅኋት።

«ትብለጥ፣ ዛሬ ጧት ምን በላሽ?»

«ኧረ ጋሼ፣ ጾም እኮ ነው! ቅዳሴ ሳይወጣ ማን ይበላል?»

«ኪኒንሽንስ?»

«ኪኒኑ የጧት ነው። ጧት አፌን አልፈታም።»

«ከቅዳሴ በኋላስ?»

«ያኔማ ጧቱ አልፏል!»

አባትዮው ቀና አሉ። «ላመመው ሰው ጾም የለበትም ብያታለሁ። አምና ፍልሰታን እዚያ ሆስፒታል ተኝታ ነው ያሳለፈችው። ዘንድሮ እኩዮቿ ሲቆርቡ እኔስ ብላ አለቀሰችብኝ፤ አንጀቴ አልቻለም።»

«ታዲያ ኪኒኑን ከሰዓት ለምን አልሰጧትም?»

«ጧት ብለህ የጻፍኸው አንተ ነህ፣ ልጄ። ማታ ብለህ ኑሮ ማታ እንሰጣት ነበር። የተጻፈ በገዛ እጄ አልለውጥም።»

ከማን ጋር ልከራከር? ዕድሜያቸውን ሙሉ የድጓውን አንዲት ምልክት ያለቦታዋ ያዜመን ተማሪ ከመጀመሪያው ሲያስጀምሩ የኖሩ ሰው ናቸው።

ወደ መዝገብ ቤቱ ሮጥሁ። መምህራችን ገና ከስክሪኑ አልወጡም ነበር። «ከጾሙ መግቢያ ጀምሮ አንድም ኪኒን አልወሰደችም!» አልኋቸው። እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አደረጉ። መጠኑን ጨምረን ቢሆን ኖሮ፣ ጾሙ ተፈትቶ ጧት ጧት መውሰድ ስትጀምር ነጭ ሕዋሷ ከሚገባው በታች ወርዶ ለሞት በሚያበቃ ኢንፌክሽን ትያዝ ነበር።

«በቀድሞው መጠን ትቀጥል፤ ማታ ማታ ይሁን» አሉ። «በሁለት ሳምንት ካልወረደ መቅኔዋን እናያለን። እኔም መጠየቅ ነበረብኝ።»

በአዲስ ከረጢት ላይ «ማታ፣ በጾምም በፍስክም» ብዬ ጻፍሁ። መሪጌታ አነበቡና «አሁን ገና ተጻፈ» አሉኝ።

እነዚያን ሁለት ሳምንታት እንቅልፍ የሚባል አልነበረኝም። ቀኑ ሲደርስ ደሟን ራሴ ቀዳሁ፤ የላቦራቶሪውም በር ላይ ቆሜ ጠበቅሁ። ባለሙያው ወረቀቱን ሲያቀብለኝ ቁጥሩ ወርዷል። መዝገብ ቤቱ ገብቼ፣ ከካርዶቹ መሃል፣ እንደ ልጅ አለቀስሁ። እንዲያ ቀሎኝ አያውቅም።

ትብለጥ የመጨረሻዋን ኪኒን ውጣ በመጣች ቀን መሪጌታ ባዶውን ከረጢት ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩ።

«ከእንግዲህ ምን ትወስዳለች?»

«ምንም።»

«እሱን ጻፍልኛ።»

«በቃ፣ መድኃኒት የለም» ብዬ ጻፍሁ፤ ፈረምሁበት። አነበቡት፤ አጥፈው ደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት።

ዛሬ በተራዬ በስክሪን የማስተምረው እኔ ነኝ። ለተማሪ ሐኪሞቼ የምነግራቸው አጭር ነው፦ መድኃኒት አልሠራም ብላችሁ ከመጨመራችሁ በፊት ልጁን ራሱን ስለ ውሎው ጠይቁት።