ባዶ ነው የተባለው ሜዳ

ቀራንዮ በነበርንበት ሰፈር መሃል አንድ ሜዳ ነበረን። ስም አልነበረውም፤ ሥራው ግን ብዙ ነበር። ሴቶቹ ልብስና በርበሬ ያሰጡበታል፣ ሰው ሲሞት ደግሞ የዕድሩ ድንኳን እዚያ ይተከላል። ቤቶቻችን ጠባብ ስለነበሩ ለቅሶ የምንቀመጠው ሜዳው ላይ ነው። ያን ዓመት አባቴ አልጋ ከያዘ ሰንብቶ ነበር። እናቴ አፍ አውጥታ ባትናገረውም፣ ድንኳኑ የት እንደሚተከል ታውቅ ነበር።

አንድ እሁድ ቀበሌው ሰብስቦን፣ "ነባር ሰፈሮችን ለማደስ የሚያጠኑ ጓዶች ይመጣሉ" አለን። ሊቀመንበሩ ማደስ ምን እንደሆነ ሁለት ሰዓት ሙሉ አስረዳን፤ እኔ እስከ ዛሬ አልገባኝም። የገባን እንግዳ እንደሚመጣ ብቻ ነው። እንግዳ ሲመጣ ደግሞ ይጠረጋል። የልብስ ገመዱ ተፈታ፣ በርበሬው ተሰበሰበ፣ የዕድሩ አግዳሚ ወንበሮችና የድንኳኑ እንጨቶች በየጓሮው ተደበቁ። ሜዳው እንደ ተላጨ ራስ ሆነ።

አጥኚዎቹ ሜትርና ወፍራም መዝገብ ይዘው መጡ። ካኪ የለበሰ አንድ ወጣት እናቴን፣ "እማማ፣ እዚህ ቦታ ላይ ምን ይሠሩበታል?" ሲል ጠየቃት። በእንግዳ ፊት ስለ ልብስ አጠባና ስለ ሬሳ ማውራት ነውር ነው።

"ኧረ ምንም ልጄ፤ እንዲሁ ባዶ ነው" አለችው።

ጎረቤቶቿም ተራ በተራ ያንኑ ደገሙለት፤ እሱም ደስ እያለው ጻፈ። የድንኳኑ ካስማ የበሳውን መሬት ጎንበስ ብሎ ያየ አልነበረም። የተማረ ሰው ወደ መሬት አያይም መሰለኝ።

ክረምቱ ሳይገባ ሜዳው በሽቦ ታጥሮ የሰፊው ሕዝብ መናፈሻ ተባለ። ሁለት አግዳሚ፣ አራት ችግኝ፣ አንድ ዘበኛ። አባቴ ሐምሌ ላይ ሞተ። ዘበኛው ያለ ደብዳቤ አላስገባም አለ፤ ደብዳቤ የሚጽፈው ሊቀመንበር ደግሞ ስብሰባ ላይ ነበር። ድንኳኑን መንገዱ ላይ፣ ጭቃው ውስጥ ተከልነው። መኪና በመጣ ቁጥር ለቀስተኛው እየተነሣ ያሳልፋል። አፈርኩ፣ ተናደድኩ፤ አሁንም ሳስበው ያንገበግበኛል።

ዓመት ሳይሞላ ያው ወጣት አዲስ መዝገብ ይዞ መጣ። ሕዝቡ መናፈሻውን ለምን እንደማይጠቀምበት እያጠኑ ነው። እናቴ ከሏን ገና አላወለቀችም። ቁጭ በል እንኳ አላለችውም።

"ጻፍ" አለችው። "ባዶ ነው ብዬ የዋሸሁት እኔ ነኝ። የባሌን ለቅሶ መንገድ ላይ ያወጣሁት እኔ ነኝ ብለህ ጻፍ።"

አልጻፈም።