ከጨው ጋር የተሰራጨ ሰው

ጎህ ሳይቀድ ነበር ማርታን የተሰናበትኳት። ባለቤቴ ናት። ሐይቅ ዳር ካለችው ቤታችን ደጅ ቆመን "ስደርስ አስመጣሻለሁ" አልኳት። "እንደ መጋዘናችሁ ጨው እንዳትሆን ብቻ" ብላኝ እንባዋን እየጠረገች ሳቀች።

ነገሩ እንዲህ ነው። አዋሳ በአንድ የመንግሥት ማከፋፈያ ውስጥ የሥራ ክንውን ተቆጣጣሪ ነበርኩ። እኛ ዘንድ ዕቃ የመጋዘኑን በር ካለፈ "ተሰራጨ" ይባላል። የት ደረሰ ብሎ የሚጠይቅ የለም። የመኪናም ሥራ የሚለካው ጭኖ በሄደው ርቀት ነው። ስለዚህ ጨው ዲላ ይሄዳል፣ ሳይራገፍ ይመለሳል፣ በማግስቱ እንደገና ይሰራጫል። ሕዝቡ ጎመኑን ያለ ጨው ይበላል፣ እኛ ከዕቅድ በላይ ፈጽመን ባንዲራ እንሸለማለን። እኔ ሞኙ በስብሰባ መሃል ተነስቼ "የደረሰውንስ ለምን አንለካም?" አልኩ። ሊቀመንበሩ መነጽሩን አውልቆ "ጓድ፣ ይሄ የአሻጥረኛ ጥያቄ ነው" አለኝ። በዚያ ዘመን አሻጥረኛ የተባለ ሰው ወይ ይታሰራል ወይ ይጠፋል። እኔ መጥፋቱን መረጥኩ።

የማከፋፈያችን ሾፌር ጋሽ ዳንጊሶ ዲላ ወስደው ለሞያሌ መኪና ሊያስረክቡኝ ከጨው ጆንያ መሃል ሸሸጉኝ። ዓይኔ እየተቃጠለ ስንገላታ ዋልኩ። በመጨረሻ ሸራው ሲገለጥ የሐይቁ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። አዋሳ ነን።

"ጋሽ ዳንጊሶ፣ ምነው ጉድ ሠሩኝ?"

"ምን ላድርግ ልጄ፣ ዲላዎች ዕቅዳችን ሞልቷል ብለው አናራግፍም አሉ። ጠባቂ አጠገቤ ቆሞ አንተን እንዴት ላውርድ?"

"አሁን እኔ ምን ልባል ነው?"

"አንተማ ተሰራጭተሃል።"

በማግስቱ ያው ጨው፣ ያው እኔ፣ እንደገና ወጣን። በዚህኛው ቀናኝ፤ ጠባቂው ዞር ሲል ዲላ ላይ ወረድኩና በሞያሌ አድርጌ ናይሮቢ ገባሁ።

እዚህ ኡጋሊ የሚሉት ምግብ ቅቤ የተነፈገ ገንፎ ነው። ለምጄዋለሁ። ያልለመድኩት የስደተኞች ቢሮውን ጸሐፊ ነው። በአስተርጓሚ "በምን መጣህ?" አለኝ።

"በጨው መኪና።"

"ጨውስ?"

"አልደረሰም።"

"ነጋዴ" ብሎ ጻፈ።

ማርታን ለማስመጣት መኖሪያ ፈቃድ ያስፈልገኛል። በሄድኩ ቁጥር "ኬሾ" ይለኛል፣ ነገ ማለት ነው። ላም አለኝ በሰማይ ሆነብኝ። ባለፈው ግን ፈገግ ብሎ "ፈቃድህ ከዚህ ቢሮ ወጥቷል" አለኝ።

"የት ደረሰ?"

"ወጥቷል አልኩህ እኮ።"

ከዚያ ወጥቼ በቀጥታ ስልክ ቤት ሄድኩ። ማርታ አዋሳ ቴሌ ተጠርታ መጣች፤ ድምጿ ከሩቅ ይመጣል።

"ደረስክ?" አለችኝ።

"ተሰራጨሁ" አልኳት።

እንደተሰናበትኳት ቀን ትስቃለች ብዬ ጠበቅኩ። "ጨው እንኳ በማግስቱ ይመለስ ነበር" አለችኝ።