«የሹፌሩ እግር ነው» አልኩ

ይህን ለሚስቴም ለነፍስ አባቴም ተናግሬው አላውቅም። እናንተ ስሙኝ።

አዲሱ ገበያ ባለ ጋራዥ ውስጥ ኮምፒውተር መኪና ላይ እየሰካሁ ብልሽት የምፈልገው እኔ ነኝ። የአንድ ክሊኒክ መኪና ይመጣልን ነበር። ሹፌሩ ጋሽ ታደሰ፣ የኩላሊት ሕመምተኞችን ከየቤታቸው እያመጡ የሚመልሱ፣ ዝግ ብለው የሚነዱ ሰው ነበሩ። ሥራ አስኪያጁ መኪናው የሽሮ ሜዳን ዳገት ሲወጣ ይለግማል ብሎ አማረረ።

አውቶማቲክ መኪና ማርሽ በቀየረ ቁጥር ኮምፒውተሩ የሞተሩን ጉልበት ለቅጽበት ይቀንሰዋል፤ ማርሹ ሳይመታ እንዲገባ ነው። እኔ ያንን ቅነሳ አጠፋሁት። መንካት እንደሌለብኝ እያወቅኩ አጠፋሁት። መኪናው ተስፈንጣሪ ሆነ፣ ሥራ አስኪያጁ አመሰገነኝ፣ እኔም ምስጋናው ጣፈጠኝ።

ብዙም ሳይቆይ ጋሽ ታደሰ ተመልሰው መጡ።

«ልጄ፣ ማርሽ ሲቀይር ይመታል። የምጭነው እኮ በሽተኛ ነው» አሉኝ።

እስኪለምዱት ድረስ ነው ብዬ ሸኘኋቸው። ምን ነበር ያኔ ብመልሰው? ስህተቴን ማመን መስሎ ታየኝ፣ በቃ።

በመጨረሻ ማርሽ የሚቀይረው ካምቢዮ ያ ምት በዝቶበት ዳገቱ ላይ ፈረሰ። ሥራ አስኪያጁ ምን እንዳበላሸው ሲጠይቀኝ ጋሽ ታደሰ አጠገቡ ቆመው ነበር። እኔ ነኝ ማለት ነበረብኝ።

«የሹፌሩ እግር ነው» አልኩ። «ነዳጅ ሲረግጡ ይጨክናሉ።»

ጋሽ ታደሰ ኮፍያቸውን አውልቀው አዩኝ። ከሥራ ተባረሩ። እኔ አዲሱን ካምቢዮ ስገጥም ያጠፋሁትን መለስኩት። መኪናው በሌላ ሹፌር እጅ ለሰለሰ፤ ጥፋቱ የሳቸው መሆኑን ተጠራጥሮ የነበረው ሁሉ አመነ። ከዚያ ወዲያ መኪና የሰጣቸው ሰው የለም።

ዘንድሮ ማረፋቸውን ሰምቼ ለቅሶ ደረስኩ። ልጃቸው አወቀችኝ። አጠገቤ ተቀምጣ፣ አባቷ እስከ መጨረሻው «ያን መኪና እኔ አላበላሸሁትም» ይሉ እንደነበር አጫወተችኝ። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «እርስዎ ያውቃሉ፤ እውነታቸውን ነበር?» አለችኝ።

«ቆየ እኮ፣ ረሳሁት» አልኩ።

ያኔ እንጀራዬን ፈራሁ እንበል። ድንኳኑ ውስጥስ ማንን ፈራሁ? ሰውየው ሞተዋል፤ የጠየቀችኝ ልጅ ቁጣ እንኳ አልነበራትም። አዎ የምትል አንዲት ቃል ትበቃት ነበር፤ እኔ ያቺኑ ቃል ከለከልኳት። ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ ይቅርታ የምትጠየቀው እሷ ናት። ቤታቸው ዊንጌት አካባቢ ነው። መንገዱን አውቀዋለሁ። እስካሁን አልሄድኩም።