ከተማው የሚታይበት ወንበር

ልጅ እያለሁ አንድ ወንበር እንዲሰጠኝ እግዚአብሔርን ለምኜ አውቃለሁ። ወንበሩ ያለው ከአትላንታ የሁለት ሰዓት መንገድ ርቃ በምትገኘው ቻታኑጋ፣ ተራራ በሚወጣው አሮጌ ባቡር ውስጥ ነው። ባቡሩ በኬብል እየተጎተተ ያንን ቀጥ ያለ ዳገት ሲወጣ ወንበሮቹ እንደ ደረጃ አንዱ ካንዱ በላይ ሆነው ቁልቁል ይመለከታሉ። ከሁሉም በታች፣ ከትልቁ መስታወት አጠገብ የተቀመጠ ሰው ከተማውን ከነወንዙ ያያል። ሌላው የሚያየው የሰው ማጅራት ነው።

አሥር ዓመቴ ነበር፤ አሜሪካ ከገባሁ ገና ጥቂት ወራት። እማዬ ከእኔ ሰባት ዓመት ቀድማ መጥታ አትላንታ ዳር፣ ዶራቪል ከተማ፣ አክስቴ ቤት ተቀምጣ ነበር። አክስቴ ከአንዱ ሥራ ወደ ሌላው ስትሮጥ ልጇን ሩትን ያሳደገቻት እማዬ ናት። በእነዚያ ዓመታት እናቴ ለእኔ የስልክ ካርድ ድምፅ ነበረች። የእኔ ዘመን ልጆች ታውቁታላችሁ፤ "ሃሎ" ሲሉ የራስ ድምፅ ተመልሶ የሚመጣበት። ከእማዬ ድምፅ ጀርባ ሁልጊዜ አንዲት ልጅ ትስቃለች። አገር ቤት አያቴ ጋ ሆኜ፣ መልኳን ሳላውቅ፣ ያንን ሳቅ ጠላሁት። ስመጣ ደግሞ ሩት እናቴን "እማዬ" ስትላት ሰማሁ።

ቅናት ኃጢአት መሆኑን አላጣሁትም። አያቴም "ቅናተኛ ሲከሳ እንጂ ሲወፍር አላየሁም" ትል ነበር። ቢሆንም የቤተ ክርስቲያን ልጆች በቫን ወደ ቻታኑጋ ስንሄድ፣ ሌላው እያጨበጨበ ሲዘምር፣ እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ስለ ወንበሩ ጸለይኩ። ሩት ከዚያ በፊት ሄዳ ስለነበር መንገዱን ሙሉ ስለሱ ነበር ወሬዋ።

"ፍሮንት ካልያዝሽ፣ ላይክ፣ ምንም አታዪም" አለችኝ።

ጣቢያው ግራሶና አሮጌ እንጨት ይሸታል። በሩ ሲከፈት ተሻምቼ ገባሁና ወንበሩን ያዝኩ። ጸሎቴ የተሰማ መስሎኝ ነበር። ልጆቹን ልትጠብቅ አብራን የመጣችው እማዬ ትከሻዬን ነካ አደረገችኝ።

"ተነሽ ምሕረት። ሩት ትቀመጥ።"

ተነሣሁ። ባቡሩ ተንገጫግጮ መውጣት ሲጀምር ጆሮዬ ድፍን አለ። መሃል መንገድ ላይ ሌላኛው ባቡር ቁልቁል እየወረደ በጎናችን ሲያልፍ ሁሉም እጁን አውለበለበ፤ የእኔ እጅ ብብቴ ውስጥ ነበር። ቻታኑጋን ያየኋት በሩት ሹሩባ መሃል ነው። እያንዳንዱ ሹሩባ ጫፍ ላይ ዶቃ አለ፤ ያንን ዶቃ አንድ በአንድ የሰካችው እናቴ ናት።

ተራራው ጫፍ ላይ እማዬ በፎይል የጠቀለለችውን የቋንጣ ፍርፍር ፈታችው። የመጀመሪያው ጉርሻ ለሩት ሆነ። ከዚያ ለሌሎቹ ልጆች። እኔ ጋ ስትደርስ አፌን ገጠምኩ።

"ጠግቤያለሁ።"

"ምን በልተሽ?"

"ሩትሽን አጉርሺ።"

እጄን ይዛ ወደ አጥሩ ወሰደችኝ። አልተቆጣችም። "ስሚኝ" አለች፤ "የሰው ልጅ ይቀድማል። ሩት የእህቴ ልጅ ናት፤ ከከፋት ወቀሳው የእኔ ነው። አንቺ የቤት ልጅ ነሽ፣ የቤት ልጅ ትጠብቃለች። አንቺን ያስቀደምኩሽ ቀን እንግዳ ሆነሽብኛል ማለት ነው።" ከዚያ የፎይሉን ታች ጠራርጋ አጎረሰችኝ። ቅቤው ሁሉ እዚያ ተጠራቅሞ ነበር። ስንወርድ ማንም ሳያዘኝ ሄጄ ከሁሉም ኋላ ተቀመጥኩ፤ የሩትን ማጅራት እያየሁ ንግሥት የሆንኩ መሰለኝ።

ባለፈው ቅዳሜ፣ ከስንት ዓመት በኋላ፣ እማዬ፣ ሩትና እኔ ብቻ ወደ ቻታኑጋ ተመልሰን ሄድን። እማዬ ዛሬ የምትኖረው ሮዝዌል፣ ሩት ቤት ነው። የእኔ አፓርትመንት ኖርክሮስ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍት የለውም፣ የእማዬ ጉልበት ደግሞ ደረጃ እምቢ ካለ ቆየ። ሩት ምድር ወለሉ ላይ መኝታ ቤት አላት። ይህ ሁሉ እውነት ነው፣ የሚያስቀይምም ነገር የለበትም። እኔ እሑድ ከቸርች በኋላ ሄጄ እጠይቃታለሁ፤ ሆስፒታል ሥራ ሲበዛብኝ እሱም ይቀራል።

መንገድ ላይ እማዬ ሩትን ስትቆጣት ነበር። "ቀስ ብለሽ ንጂ፣ አንቺ ልጅ። ስልኩን ተዪው ብዬሻለሁ።" እኔን አንድም ጊዜ አልተቆጣችኝም። ለእኔ የምትለው "ደከመሽ እንዴ? ውኃ ልስጥሽ?" ነበር።

ጣቢያው ያው ግራሶ ይሸታል። በሩ ሲከፈት እማዬ ክንዴን ያዘችኝ። "ምሕረትዬ፣ አንቺ ከፊት ተቀመጪ። ሩት፣ ወዲያ በይ።" ሩት እየሳቀች ወዲያ አለች።

ጫፍ ላይ ፎይሉን ፈታችና የመጀመሪያውን ጉርሻ ወደ እኔ ዘረጋች። ትልቅ ጉርሻ ነበር። "ጉረሺ እንጂ፣ ምን ያሳፍርሻል?" አለችኝ። ጎረስኩ። ሩት በመጨረሻ ከፎይሉ ታች፣ ቅቤ ካለበት፣ ጎረሰች፤ እማዬም ከንፈሯን በአውራ ጣቷ ጠረገችላት። ሩት ስልኳን እያየች ነበር፤ ምን እንደጎረሰች እንኳ አላወቀችም።

ሰው በተሰጠው ይቀናል? እኔ ቀናሁ። ያኔ በአሥር ዓመቴ የለመንኩትን ወንበር ጌታ አልረሳውም ነበር፤ እኔ ነኝ እስኪደርሰኝ ድረስ የረሳሁት።

ስንወርድ ለሩት "ነይ፣ አንቺ ተቀመጪበት" አልኳት።

"ኖ፣ ኖ፣ ተቀመጪ። እኔ ኤኒታይም እመጣለሁ።"

"ተያት" አለችኝ እማዬ፤ "እሷ የቤት ናት።"

ተቀመጥኩ። ከፊቴ ሹሩባ አልነበረም፤ ከተማው ከነወንዙ ተዘርግቶልኛል። ከኋላዬ እማዬ ስትናገር፣ ከእሷ ድምፅ ጀርባ ደግሞ ሩት ስትስቅ ይሰማኝ ነበር። ልክ እንደ ስልክ ካርዱ ዘመን።