የማይናገር ማጫወቻ ፍለጋ

እናቴ ካረፈች በኋላ ድምጿ የቀረው እኔ ስልክ ላይ ብቻ ነበር። ጥጥ እየፈተለች የዘመረችው አንድ መዝሙር ነው፤ አዲስ ስልክ ገዝቼ ስሞክረው እንዲሁ የቀዳሁት። አባቴ ተራራው ላይ፣ ኦቾሎ መንደር ሸማኔ ነው፤ እኔ ታች ከተማው ውስጥ፣ ሴቻ ሰፈር ቢሮ እሠራለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ስወጣለት ገና ከሞተሩ ሳልወርድ «አምጪያት» ይለኛል። ስልኩን ማለቱ ነው። ደህና ነሽ ወይ የለ፣ መንገዱ እንዴት ነበር የለ!

አንድ ቅዳሜ ግን ፈራ ተባ እያለ ጠየቀኝ።

«እሁድ ስትሄጂ ይዘሻት ትሄጃለሽ። እኔ ሳምንቱን ሙሉ ብቻዬን ነኝ። ሥራዬን እየሠራሁ የምሰማት ነገር ፈልጊልኝ» አለ።

አባቴ ለራሱ ሲለምን ሰምቼ አላውቅም። ይሄማ ምን ያቅታል አልኩ በሆዴ። ወይ አለማወቅ!

መጀመሪያ የራሱ ስልክ ላይ ጫንኩለት። ሦስት ቀን አልቆየም። መዝሙሩ መሀል ላይ ሲደርስ ደንበኛ ይደውልና «ጋቢዬ ደረሰ?» ይላል። አባቴ ቱግ አለ። «ሰው እየዘመረ ይቋረጣል? ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንዲህ ይደረጋል?» ብሎ ጮኸብኝ፤ የደወልኩት እኔ ይመስል። በንዴት ስልኩን ሲያጠፋው መዝሙሩም አብሮ ጠፋ። ለዚህም የተወቀስኩት እኔ ነኝ።

ሲቀላ ገበያ ወርጄ አንድ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ገባሁ። ባለሱቁ አፈ ቅቤ ነው።

«ለምንድን ነው የምትፈልጊው እህቴ? ለስፖርት? ለመንገድ? ለድግስ?»

«ለሽመና» አልኩት።

ትንሽ አሰበና «ለሽመና የሚሆን ግሩም ዕቃ አለኝ» አለ። ውሸታም! አውራ ጣት የምታክል ኤምፒስሪ ማጫወቻ ከጆሮ ማዳመጫ ጋር አስታቀፈኝ። እኔም ተደስቼ ይዤ ወጣሁ።

ሸማኔ ሲሠራ ምን እንደሚመስል ባለሱቁ ባያውቅ አይፈረድበትም። እኔ የሸማኔ ልጅ ምን ነክቶኝ ነው? እግሩ ጉድጓድ ውስጥ ይረግጣል፣ ሁለቱ እጆቹ መወርወሪያውን ይቀባበላሉ፣ ደረቱ ድሩ ላይ ያጎነብሳል። በሁለተኛው ቀን የማዳመጫው ገመድ ድሩ ውስጥ ገባ። አባቴ ዓይኑን ጨፍኖ እናቴን እየሰማ ስለነበር ጆሮውን ሲጎትተው ነው የባነነው። ስንዝር የሚያህል ጥቁር ገመድ ጋቢው ጠርዝ ላይ ከማጉ ጋር ተሸምኖ ቀረ። ሊያወጣው ሲታገል ባለጋቢው ደረሰና አየው። አዲስ ጥለት መስሎት «በዚያኛውም ጫፍ ይደገምልኝ» አለ። ሁለተኛ ማዳመጫ ልግዛ እንዴ?

ሲቀላ ተመለስኩ። ገመድ የሌለው፣ መብራት ቢጠፋ ሁለት ሦስት ቀን የሚቆይ፣ ድምፁ ደግሞ የሽመናውን ቋቋታ የሚያሸንፍ ስጠኝ አልኩት። ጡብ የሚያህል፣ ቀይና አረንጓዴ የሚያበራ ማጫወቻ አወጣልኝ። አሁን ግን ተምሬያለሁ፤ ሳልሞክር አልገዛም። ከሱቁ አጠገብ ወፍጮ ቤት አለ። ማጫወቻውን ታቅፌ ዘው አልኩ። በቆሎ የሚያስፈጩት ሴቶች ወረፋቸውን ትተው ከበቡኝ። የእናቴ ድምፅ ከወፍጮው ጩኸት በላይ ተሰማ፤ አንዷ ሴትዮ እንደውም «አሜን!» አለች። ዱቄት በዱቄት ሆኜ ወጣሁና ከፈልኩ።

ያላስተዋልኩት አንድ ነገር ነበር። ይሄ ማጫወቻ ሲከፈት አንዲት ሴት በእንግሊዝኛ ትናገራለች። ሲዘጋም ትናገራለች። ባትሪው ሲደክምም ደጋግማ ትናገራለች። ወፍጮ ቤቱ ውስጥ ማን ይሰማታል? ኦቾሎ ላይ ግን ማለዳ ጸጥ ያለ ነው። አባቴ ሥራ ሲጀምር ይከፍተዋል፣ ድምፁ ወፍጮ እንዲያሸንፍ የተመረጠ ነው፣ ሴትዮዋ ለመንደሩ ሁሉ ትናገራለች። ሳምንት ሳይሞላ ወሬው ተዳረሰ። ሚስቱ ከሞተች ዓመት ያልሞላው ሰውዬ ቤት የከተማ ሴት ገብታለች፤ ጠዋት ጠዋት ትቆጣዋለች፤ ያመጣችለትም የገዛ ልጁ ናት። ጉድ ፈላ!

ቅዳሜ ስደርስ ሦስት የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ቤታችን ተቀምጠዋል። አባቴ አንገቱን ደፍቷል። ወሬውን ነገሩኝ። እግዜር ያሳያችሁ፣ ይሄ ሰውዬ እናቴን ቀብሮ ሁለት ወር እህል በቅጡ ያልቀመሰ ሰው ነው ብዬ ልጮህ ምንም አልቀረኝ። ማጫወቻውን አንስቼ ፊታቸው ዘጭ አደረግኩት።

«እዚህ ቤት ሴት የለችም! ይኸው! ይሄ ነው የሚናገረው!»

ያለቀ መስሎኝ ነበር። በእኛ አገር ግን ሽማግሌ የአንዱን ወገን ብቻ ሰምቶ አይነሳም። ትልቁ ሽማግሌ በትራቸውን አስተካክለው «የእናንተን ሰምተናል። የእሷንም መስማት አለብን» አሉ።

ከፈትኩት። ሴትዮዋ ቤቱን አናወጠችው፤ መብራቱም ቀይ አረንጓዴ ማለት ጀመረ። አንደኛው ሽማግሌ ሳያስቡት ብድግ ብለው እጅ ነሱ።

«ምን አለች?» አሉ ትልቁ ሽማግሌ።

«ተዘጋጅቻለሁ ነው የምትለው።»

«ለምኑ?»

«ለመዝሙሩ ነዋ!»

«ታዲያ ትዘምር።»

«እሷ አይደለችም የምትዘምረው!»

«እሷ ካልዘመረች ምን ልትሠራ መጣች?»



ይሄኔ የእናቴ ድምፅ ወጣ። ከእሷ ጋር ዘመናቸውን ሙሉ መዘምራን ውስጥ የቆዩት ሽማግሌ ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ። መዝሙሩ ሲያበቃ አባቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለ።

«እኔንም ቅር ያለኝ ይሄው ነው» አለ። «እሷን ስጠራ ሌላ ሴት ትቀድማለች።»

ሽማግሌዎቹ ደጅ ወጥተው ተመካክረው ተመለሱና ፈረዱ። ሴትዮዋ ጥፋት የለባትም፤ ግን ቦታዋ እዚህ አይደለም፤ በሰላም ወደ መጣችበት ትመለስ። እንዳትቀየምም መርቀው ሸኟት። እኔም የተመረቀ ዕቃ በፌስታል ይዤ ሲቀላ ወረድኩ።

«ምነው ተበላሸ?» አለ ባለሱቁ።

«አልተበላሸም። ትናገራለች።»

«እህቴ፣ አሁን የሚመጣው ሁሉ ተናጋሪ ነው። ሰው የሚፈልገውም እሱን ነው።»

«እኔ ዝም የሚል ነው የምፈልገው!» ብዬ ጮህኩበት። መንገደኛው ሁሉ ቆሞ አየኝ።

ተንበርክኮ ከመደርደሪያው ሥር አቧራ የጠጣ ግራጫ ሳጥን ጎትቶ አወጣ። አንድ ቁልፍና አንድ የድምፅ ማስተካከያ ብቻ ነው ያለው። ቁልፉን ሲጫኑት ይዘምራል፣ ደግመው ሲጫኑት ዝም ይላል። መብራት የለው፣ ወሬ የለው። «ይሄ እኮ ጊዜው ያለፈበት ነው፤ ማንም አይገዛውም» ሲለኝ ባለሱቁን ልስመው ምንም አልቀረኝ። ወፍጮ ቤት ወስጄ ፈተንኩት። አለፈ። የዚያኑ ዕለት ለአባቴ አደረስኩለት።

ሥራ ያዘኝና ሁለት ሳምንት ቆይቼ ወጣሁ። አባያ ሐይቅ ላይ ጉም ተኝቶበታል፤ መንደሩ ጭር ብሏል። ደጃፋችን ላይ ቆሜ ጆሮዬን ብሰጥ የሽመናው ድምፅ የለም። ደንግጬ ገባሁ። አባቴ እግሩን ጉድጓዱ ውስጥ እንዳደረገ፣ እጆቹን ጭኑ ላይ አጣጥፎ ተቀምጧል። ማጫወቻው ጆሮው ሥር ነው፤ ድምፁ ለትንኝ እንኳ እንዳይሰማ ተቀንሷል። ሸማው ላይ ባለፈው ካየሁት አንድ ጣት አልተጨመረም። ደሜ ፈላ።

«አባ! ሥራዬን እየሠራሁ ልስማት አላልክም? ዱቄት ለብሼ ወፍጮ ቤት ለወፍጮ ቤት የተንከራተትኩት እንድትቀመጥ ነው?»

አባቴ አልተቆጣም።

«አርባ ዓመት እዚህ አጠገቤ እየፈተለች ዘምራለች» አለ። «አንድ ቀን እጄን አቁሜ ሰምቻት አላውቅም።»

ልመልስለት አፌን ስከፍት እጁን አነሳ።

«ዝም በይ አሁን፤ እየዘመረች ነው።»